ቧንቧ ሲጠገን ኑክሌር ይፈነዳል

የአሜሪካ ተማሪዎች «ፖሊሲ ዲቤት» የሚሉት የክርክር ውድድር አላቸው። እኔ በበኩሌ እጅ ነስቻለሁ።

ለዓመቱ አንድ ርዕስ ይመረጣል። እ.ኤ.አ. የ2021–22ቱ የሁለተኛ ደረጃ ርዕስ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ለአገሪቱ የውሃ ሀብት የሚያደርገውን ጥበቃ በእጅጉ ያሳድግ የሚል ነበር። አንዱ ቡድን ይደግፋል፣ ሌላው ይቃወማል። በሚቀጥለው ዙር ይገለባበጣሉ። ጠዋት የማለበትን ከምሳ በኋላ የሚረግም ልጅ! ሌላው እዚህ ለመድረስ ስንት ዓመት ፖለቲካ ውስጥ መክረም አለበት።

ዋናው ጥበብ ግን ዝግጅቱ ላይ ነው። አንድ ምሁር ዓመታት ለፍቶ የጻፈው ጽሑፍ ይመጣል። የሚጠቅመው ቃል በቢጫ ይቀለማል። የቀረው ፊደል ዓይን እስኪያጠፋ ድረስ ያንሳል። ከአንድ ገጽ ተርፎ የሚነበበው ሦስት መስመር ቢሞላ ነው። ምሁሩ «ምናልባት» ያለባት ቦታ ብዙ ጊዜ ቀለም አይደርሳትም። ቁጠባ ማለት ይህ ነው። ይህ «ካርድ» ይባላል፤ ጎበዝ ቡድን ላፕቶፑ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር አለው።

ካርዱ ምን ይሠራል? ደጋፊው «ለቧንቧ ጥገና ገንዘብ ይመደብ» ይላል። ተቃዋሚው ይነሳል። ገንዘቡ ከተመደበ ኮንግረስ ይኮራረፋል። ኮንግረስ ከተኮራረፈ ሌላ ሕግ ይወድቃል። ሕጉ ከወደቀ ኢኮኖሚው ይንኮታኮታል። ኢኮኖሚው ከተንኮታኮተ ኑክሌር ይተኮሳል። ለእያንዳንዷ እርምጃ ካርድ አለ። ደጋፊው ይስቃል ብላችሁ እንዳትጠብቁ። እሱም ቧንቧው ካልተጠገነ የሰው ዘር እንደሚያልቅ የሚያስረዳ ካርድ ይዟል። ዳኛው የትኛው እልቂት እንደሚቀድምና የትኛው እንደሚከፋ ያመዛዝናል። ቧንቧው ያንጠባጥባል።

ይህ ሁሉ በ8 ደቂቃ የመክፈቻ ንግግር መግባት አለበት። ያልተመለሰ ነጥብ እንደታመነ ስለሚቆጠር፣ ብልህ ተከራካሪ ተጋጣሚው መልሶ የማይጨርሰውን ያህል ይከምራል። ስለዚህ በደቂቃ ከ300 ቃል በላይ ይንጣጣል። ለዚህም እስክሪብቶ በጥርስ ነክሶ ጮክ ብሎ ማንበብ ይለማመዳል። መድረክ ላይ ሲቆም አየር የሚስበው እንደ ዋናተኛ ነው። የኛ የበላ ልበልሃ ተሟጋቾች ነገራቸውን በግጥም እያዋዙ ሲያንቆረቁሩት የኖሩት ሥራ ፈትተው መሆን አለበት።

ይህን ጥበብ ያልወደዱ ምቀኞች አልጠፉም። ተራ ሰው ቁጭ ብሎ የሚሰማው ክርክር ይኑር ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2002 «ፐብሊክ ፎረም» የሚባል የክርክር ዓይነት ተጀመረ። ደግነቱ ጥድፊያው እዚያም ተከትሎ ገብቷል። አንድ እንቅፋት ግን አለ፤ ዳኛ ሲጠፋ የተማሪ ወላጅ ይቀመጣል። ያኔ ልጆቹ ፊታቸው ይጠቁራል። ከመቶ ካርድ ሰማንያውን አውጥተው፣ ለአንዲት እናት ቀስ ብለው ስለ ቧንቧ ማስረዳት ሊኖርባቸው ነው።