ማስተካከያ፦ ማይረን ሮል ከጨዋታው አልቀረም
ስለ ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ ፉትቦል ተከላካይ ማይረን ሮል ባቀረብነው ጽሑፍ፣ በእንግሊዙ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለመማር ለሚሰጠው የሮድስ ስኮላርሺፕ ቃለ መጠይቅ ሲል ከሜሪላንዱ ጨዋታ እንደቀረ ገልጸን ነበር። ስህተት ነው። ኖቬምበር 22 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. በርሚንግሃም፣ አላባማ ቃለ መጠይቁን አድርጎ ማሸነፉን እንደሰማ፣ በአውሮፕላን ወደ ሜሪላንድ በረረ፤ ጨዋታው ሳያልቅም ማሊያውን ለብሶ ሜዳ ገባ።

አሰልጣኙ ቦቢ ባውደን እንዲሄድ ፈቅደውለት እንደነበር አለመጻፋችን ደግሞ ከሁሉ የሚቆጨን ነው። በጨዋታ ቀን ቋሚ ተሰላፊን ለትምህርት ብሎ መልቀቅ ለአንድ አሰልጣኝ ከባድ ውሳኔ ነው።

«ኦክስፎርድ ከገባ በኋላ ፉትቦል አቆመ» ያልነውም ልክ አይደለም፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ቴነሲ ታይታንስ የተባለው የፕሮፌሽናል ፉትቦል ቡድን በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) በስድስተኛው ዙር መርጦታል። ወደ ሕክምና ትምህርት የገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዛሬ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነው። አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።