ምስጋና ለባለ ራምፖች

ክረምት ሊገባ ነውና በየሰፈሩ ሲሚንቶ እየተቦካ ነው። ቤት የሚሠራ ያለ መስሏችሁ ወጣ ብትሉ፣ የሚሠራው መንገዱ ላይ ነው። ኮብሉ ተነቅሎ ጥግ ተከምሯል። የጎርፉ ቦይ በአሮጌ ላሜራ ተከድኗል። ባለቤቱ እጁን ኪሱ ከቶ «ወደ ውጭ ትንሽ ገፋ አድርጉት» እያለ ያሠራል። ያው ራምፕ ነው፤ መኪና ከመንገድ ወደ ግቢ የሚወጣበት ተዳፋት። በገዛ ገንዘቡ የሁላችንን መንገድ የሚያለማ ሰው እስከ ዛሬ ሳይመሰገን መቅረቱ ያሳፍራል።

ከባለ ራምፖቹ ሁሉ ቀድሞ ካባ ሊደረብለት የሚገባው ደግሞ ባለ ስፖርት መኪናው ነው። ባለ ቪትዙ ለሰፈሩ ምን አበርክቶ ያውቃል? ወርዷ 1 ሜትር ከ70 የማትሞላ መኪናውን ይዞ ሹልክ ይላል፤ መግባቱን እንኳ ማንም አይሰማ። ሙስታንግ የገዛው ጎረቤት ግን በገባ ቁጥር መንደሩን ያሳትፋል።

ለነገሩ መኪና ከመግዛት በፊት በር መለካት የድሃ ልማድ ነው። ፕላኑ ላይ «3 ሜትር» ተብሎ ተጽፏል፣ ምን ይለካል! ያ 3 ሜትር ከግድግዳ መሃል እስከ ግድግዳ መሃል እንደሆነ አናጢውም ግንበኛውም ያውቃሉ፤ ባለቤቱ ብቻ በበጎነቱ አያውቅም። ባለ 20 ብሎኬቱ ከየጎኑ 10 ሴንቲ ሲወስድ 2 ከ80 ቀረ። ልስኑና ሴራሚኩ ሲመጡ 2 ከ75። የበሩ መቃን ከየጎኑ 6 ሴንቲ ሲይዝ 2 ከ63። የላሜራው በር ወደ ውስጥ ተከፍቶ ሲቆም ውፍረቱ ከግራ ከቀኝ አምስት አምስት ይበላል፤ የተጣራው 2 ሜትር ከ53 ነው። የሙስታንጉ ወርድ ከነስፖኪዮው 2 ሜትር ከ8 ሴንቲ። በየጎኑ 22 ሴንቲ ተረፈ ማለት ነው፤ ቀጥ ብሎ ለሚመጣ ሰው ይበቃል።

ቀጥ ብሎ የሚመጣበት መንገድ ግን የለም። መንገዱ ከአጥር እስከ አጥር 5 ሜትር ነው፤ መኪናው 4 ሜትር ከ78 ይረዝማል፤ ለመዞር ደግሞ ወደ 12 ሜትር ክብ ይፈልጋል። እንግዲህ የማታው ሥነ ሥርዓት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ጥሩንባ ሁለት ጊዜ ይነፋል። ዘበኛው ብርድ ልብሱን ጥሎ ይወጣና ሁለቱንም ተካፋች ይከፍታል፤ የሚይዘው ድንጋይ ስለሌለ አንዱ ተካፋች በራሱ ይመለሳል። ሠራተኛዋ ሊጧን ትታ እሱን ልትይዝ ትመጣለች። የሰፈሩ ልጆች ኳሳቸውን አቁመው ተመልካች ይሆናሉ። «ጋሼ ይምጡ፣ ይምጡ፣ ይምጡ… ቀኙን ይስበሩት! ሙሉ ይስበሩት!… ኧረ ይቁሙ!» ጋሼ ይቆማሉ። የኋላ ማርሽ። የፊቱ ፓራውልት ከባለ ሱቁ ቆርቆሮ ይርቃል፤ የኋላው ከመብራት ምሰሶው ጋር ይተያያል። አሁንም ወደፊት። በኋላ ማርሽ ቢገቡ የሚታጠፉት የፊት ጎማዎች ውጭ ስለሚቀሩ አፍንጫውን እንዳሻ ማቃናት ይቻል ነበር፤ ይህን ታክሲ ያጠበ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ጋሼ ግን እንደ ሙሽራ በፊት ነው የሚገቡት። በፊት ሲገባ ደግሞ የውስጠኛው የኋላ ጎማ ማዕዘኑን ቆርጦ ያልፋልና የኋላው ክንፍ መቃኑን ይልሳል፤ ቀዩ ቀለም መቃኑ ላይ፣ ግራጫው ፀረ ዝገት መኪናው ላይ ይቀራል። ስፖኪዮ ይታጠፋል። ባለ ሱቁም ወጥቶ አስተያየት ይሰጣል። ከጀርባ ሦስት መኪና ተሰልፎ ያንጫርራል፤ ስልጣኔን መታገሥ የማይችል ሕዝብ!

በመጨረሻ ተገባ። ሆኖም ጋራዡ ውስጥ ጀኔሬተሩ፣ የጤፍ ጆንያውና የተበላሸው ፍሪጅ በአንዱ ግድግዳ 45 ሴንቲ ይዘዋል። ስፖኪዮው ታጥፎ ለሰው የተረፈው 38 ሴንቲ ገደማ ነው፣ ያውም ሌላኛው ጎን ከግድግዳው ጋር ከተጣበቀ። የባለ ሁለት በር መኪና በር ከባለ አራቱ ይረዝማል፤ በ38 ሴንቲ ተከፍቶ የሚያወጣው እጅን ነው። ጋሼ በመስኮት ይወጣሉ። መጀመሪያ ጫማቸው፣ ቀጥሎ አንድ እግር፣ ከዚያ ዘበኛው ብብታቸውን ይዞ ይስባል። ሚሊዮኖች የወጣበት መኪና እንዲህ ባለው ክብር ያስወርዳል።

እስካሁን ያልነው ስለ ወርዱ ብቻ ነው። ግቢው ጎርፍ እንዳይገባው ሰሌክት የሚሉት የመሙያ አፈር ተሞልቶ ከመንገዱ 40 ሴንቲ ከፍ ብሏል። የሙስታንጉ ሆድ ከመሬት የሚርቀው 14 ሴንቲ ገደማ ሲሆን በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 2 ሜትር ከ72 አለው፤ ከ12 ዲግሪ በላይ የሾለ ጫፍ ላይ ሲወጣ ሆዱ ይቀመጣል። ትክክለኛው ራምፕ ተዳፋቱ ከ15 በመቶ ሳይበልጥ፣ ከላይና ከታች አንዳንድ ሜትር ማለስለሻ ተጨምሮበት፣ 3 ሜትር ከ70 ገደማ ይረዝማል። ቦታው ደግሞ ከበሩ ወደ ውስጥ ነው። አሁን ማን ይሙት፣ ካሬው በስንት በሚሸጥበት ዘመን 3 ሜትር ከ70 ከራሱ ግቢ የሚቆርጥ ሞኝ አለ? የመንገዱ ካሬ በነጻ እያለ!

ስለዚህ 1 ሜትር ከ20 ወደ ውጭ ይሞላል። 18 ዲግሪ ሆነ፤ ማርሚታው ጮኸ። ይፈረሳል፣ እንደገና ይቦካል፣ 2 ሜትር ይደርሳል። አሁን 11 ዲግሪ ከምናምን ነው፤ ለጥቂት አለፈ። እልል በሉ።

ቦዩስ? ቦዩ እኮ የማንም የግል ንብረት አይደለም። ሐምሌ ላይ መሄጃ ያጣው ውሃ የታችኛው ቤት ይገባል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ፍራሽና ልጅ አቅፈው አልጋ ላይ ቆመው የሚያድሩት የታችኛው ቤት ተከራዮች ናቸው። ሰፈርተኛው አዋጥቶ ያስነጠፈው ኮብልም በአሸዋ ላይ እርስ በርሱ ተቆላልፎ የቆመ ድንጋይ ነው፤ ከዳሩ ሁለት ረድፍ ሲነቀል መሃሉ ይላላል፣ አሸዋው ይታጠባል፣ መንገዱ ይሰምጣል። በክራንች የሚሄድ ሰው ያንን የኮንክሪት ጉብታ ለማለፍ መኪና መሃል ይገባል። ይሄ ጥጋብ ነው። ነውር ነው። የአንድ ሰው መኪና ማደሪያ እንዲያገኝ ሃያ ቤት ውሃ ይጠጣ የሚል ሕግ የለም።

ደግነቱ መልካም ሥራ ይጋባል። ፊት ለፊት ያለው ጎረቤት «እኔስ ከማን አንሼ» ብሎ የራሱን 1 ሜትር ከ20 ጀምሯል። ከ5 ሜትር ላይ ሁለቱ ሲቀነሱ 1 ሜትር ከ80 ይቀራል። የእሳት አደጋ መኪና ወርዱ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ አያልፍም፤ ቃሬዛ ግን ያልፋል።

ጋሼም ራምፑ እስኪደርቅ አልተቀመጡም። ሠዓሊ አስጠርተው በሩ ላይ በቀይ አስጽፈዋል፦ «በር ላይ መኪና ማቆም ክልክል ነው። ጎማ እናስተነፍሳለን።»