ይድረስ ለክቡር አቶ እምምታ፣ በአምፕሊፋየሬ ውስጥ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል ብዬ አልጠይቅዎትም። ቤዝ ጊታሬን በሰካሁ ቁጥር ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣው "እምምም" እርስዎ ነዎትና፣ ደህና መሆንዎን ትናንት ማታ ከግድግዳው ወዲያ የሚኖሩት ጎረቤቶቼ ሳይቀሩ ሰምተዋል። እኔ ከእርስዎ በስተቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት በመካከላችን ምስጢር ስለሌለ ነው። ሐዋሳ ውስጥ አሮጌ ቤዝ ጊታር የገዛ፣ የሸጠ፣ ወይም ሊሸጥ አስቦ ፎቶ ያነሳ ሁሉ ያውቅዎታል። በሐይቁ ዳር ሆቴሎች የሚጫወቱት ያውቁዎታል። ቅዳሜ ቅዳሜ አምፕሊፋየር በባጃጅ ጭነው ከአዳራሽ አዳራሽ የሚዞሩት የሠርግ ባንዶች ያውቁዎታል። በየጸሎት ቤቱ የሚያገለግሉት ወንድሞችማ ከሁሉም በላይ ያውቁዎታል፤ መጋቢው "አሁን ሁላችንም በጸጥታ" ሲሉ ጸሎቱን በረጅም "እምምም" የሚከፍቱት እርስዎ ነዎት።

ከሙያ ልጀምር። ክቡርነትዎ ቅኝት የለዎትም። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በ50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ) ስለሚመላለስ እርስዎም የሚያዜሙት በዚያው ነው። በቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ላይ ሦስተኛው ፍሬት ሲያዝ የሚወጣው ሶል ደግሞ 49 ኸርዝ ነው። አንድ ኸርዝ ምን አላት ይሉኝ ይሆናል። በዚያ ጥልቀት ላይ አንድ ኸርዝ ማለት የግማሽ ቶን ሲሶና ከዚያም ጥቂት በለጥ ያለ ነው። ሰው ቢሆኑ ኖሮ የባንዱ መሪ ገና በመጀመሪያው ልምምድ ያሰናብትዎት ነበር። ትዝታ ብጫወት ባቲ፣ አምባሰል ብጫወት አንቺሆዬ፣ ሶል ላይ ባረፍኩ ቁጥር ከጎኔ ጥቂት ከፍ ብለው ይቆማሉ፤ አድማጭም የሳትኩት እኔ እመስለዋለሁ። አሜሪካ ያለው ወንድምዎ በ60 ኸርዝ ያዜማል አሉ፤ እሱም በሲ ቤሞልና በሲ መካከል ተንጠልጥሎ የቀረ ነው። ዘር ከልጓም ይስባል።

ይህ ግን የጆሮ ቅያሜ ነውና ይለፍ። የእኔ አቤቱታ የገበያ ነው። በዚህች ከተማ የአሮጌ ቤዝ ጊታር ንግድን የሚያንቀሳቅሰው ደላላ አይደለም። ከውጭ አገር ሻንጣ ሞልቶ የሚመጣ ዘመድም አይደለም። እርስዎ ነዎት። ጃዝ ቤዝ የሚባለው ዓይነት አንድ ቀይ ቤዝ ጊታር አለ፤ ራሱ ላይ የሲጋራ ጠባሳ ስላለበት ሙዚቀኛው ሁሉ ይለየዋል። ከፒያሳ ወደ አቶቴ ተሸጠ። የአቶቴው ልጅ ቤቱ ወስዶ ሲሰካው እርስዎ ተቀበሉት። ልጁም የክሮቹን ንዝረት ስለሚይዘው ክፍል "ፒክአፑ ሞቷል" ብሎ መናኸሪያ አካባቢ ለሚኖር ሌላ ልጅ አራገፈው፤ ለገዢው የነገረው ግን "ሌላ ስለገዛሁ ነው እንጂ አልሸጠውም ነበር" ብሎ ነው። የመናኸሪያውም ልጅ ሰካው፤ ለካ ክቡርነትዎ ከእሱ ቀድመው ገብተዋል። አሁን ቤዙ ተመልሶ ፒያሳ ነው ያለው። የገዛውም የመጀመሪያው ባለቤት ነው። "ይህኛው ከድሮዬ ይሻላል" ሲል በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በሦስቱም ቤቶች ሶኬቱ ላይ ያለው የኧርዝ ብረት ለጌጥ የተቀመጠ ነው፤ ከኋላው ወደ መሬት የሚወርድ ገመድ የለም። ሦስቱም ባለቤቶች ፒክአፕ አስቀይረዋል፣ ኬብል ቀይረዋል፣ የድምፅ መቆጣጠሪያውን አስበይደዋል። አንደኛው ሰፈር ሊቀይር ምንም አልቀረውም ነበር፤ ያ እንኳ ለመፍትሔው ሳይቀርብ አልቀረም። ግድግዳውን የጠረጠረ ግን አልተገኘም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ አንድ የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ ከማስቀበር ሌላ ቤዝ መግዛት ይቀላቸዋል። ለዚህ ነው ገበያው የማይቀዘቅዘው።

የቤዝ ዓይነቶችን ማወዳደርም ከእርስዎ በፊት ደስ የሚል ሥራ ሳይሆን አይቀርም። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝን በ1951 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ፒክአፑ አንድ ነጠላ ጥቅል ሽቦ ነበርና እንደ ልብዎ ይገቡበት ነበር። በ1957 ግን ጥቅሉን ለሁለት ከፈሉትና አንደኛውን በተቃራኒ አደረጉት። ሁለቱም እርስዎን እኩል ይሰማሉ፤ ነገር ግን አንዱ ሲገፋዎት ሌላው ስለሚስብዎት ተጣፍተው ይቀራሉ። በጊብሰን ኩባንያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ሴዝ ላቨር በ1955 ፓተንት የጠየቀበት የጊታር ፒክአፕም ብልሃቱ ይኸው ነው፤ እርስዎን ከራስዎ ጋር ማጣላት። በ1960 የመጣው ጃዝ ቤዝ ደግሞ ሁለት ነጠላ ፒክአፖች አሉት። ሁለቱ እኩል ሲከፈቱ ዝም ይላሉ፤ አንደኛውን ጥቂት ዝቅ ሲያደርጉት "አለሁ" ይላሉ።

በዚህ ምክንያት የከተማችን ቤዝ ተጫዋች ለሁለት ተከፍሏል። የጃዝ ቤዝ ወገን አንገቱ ቀጭን ነው፣ የኋላው ፒክአፕ ብቻውን ሲከፈት እንደ ሰው ያንጎራጉራል ይላል። እውነቱን ነው። ግን ማን ደፍሮ ብቻውን ይከፍተዋል? ሰውየው ለሁለት ፒክአፕ ከፍሎ፣ እርስዎን ፈርቶ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ከፍቶ ይኖራል። የፕሪሲዥን ወገን በበኩሉ አንድ ድምፅ ብቻ እንዳለው ያምናል፤ ያ አንድ ድምፅ እንደሚበቃውም ያምናል። ፍርዴን ከጠየቁኝ ለሐዋሳ መብራት የሚሻለው ፕሪሲዥን ነው። ይህን ፒያሳ ካፌ ውስጥ ጮክ ብዬ ብናገር ቡናዬን የሚደፋብኝ አላጣም። በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣውን ስቲንግሬይ የተባለ ቤዝ የሚያመልኩ ጥቂቶችም አሉ፤ ባለ 9 ቮልት ባትሪው ሲደክም ድምፁ ሲሰባበር "ተበላሽቷል" ብለው በርካሽ ይሸጡታል። እንዲህ ያለ ሻጭ ካገኛችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አዲስ ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ፤ ይህን ለአንባቢ ነው የምለው፣ ክቡርነትዎ አይስሙ።

አሁን ወደ ሻጮች። በዚህ ንግድ ያለውን ብልሃት ሁሉ ያስተማሯቸው እርስዎ ነዎት። የቤዝ ክሮች በብሪጁ (ክሮቹ በሚታሰሩበት ብረት) በኩል ከመሬት ገመዱ ጋር ስለሚገናኙ ሰው ክሩን ሲነካ እርስዎ ይቀንሳሉ። ይህን የሚያውቅ ሻጭ ግራ እጁን ከክሩ ላይ አያነሳም። ሻይ በቀኝ ይጠጣል፣ ስልክ በቀኝ ያነሳል፣ እንግዳ ሲመጣ በቀኝ ይጨብጣል። ብር በአንድ እጁ የሚቆጥር ነጋዴ ያየሁት በዚህ ንግድ ውስጥ ብቻ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ሻጭ ገና ሳትቀመጡ "ፀሐዩ ይበቃናል" ብሎ ፍሎረሰንት መብራቱን ያጠፋል፤ ለዓይናችሁ ያሰበ ይመስላችኋል። ሦስተኛው ሊቃቸው ነው። መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ጠብቆ ይቀጥራችኋል። ትደርሳላችሁ፣ መብራት የለም። "ምን ላድርግ፣ አያችሁ" ብሎ እጁን ያወራጫል፤ ከዚያ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ አምፕሊፋየር ከመደርደሪያ ያወርዳል። በመላው ሰፈር አንድም ሽቦ ኃይል አልያዘምና ክቡርነትዎ የሉም። ቤዙ እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቶ ይሰማል። "ይኸው፣ ጽድት ያለ!" ይላል።

በዙሪያው የሚቆሙት አስታራቂዎችም አሉ። አሞራ ገደል ዓሣ ሲበለት ቆመው እንደሚጠብቁት አባ ኮዳዎች ናቸው፤ ከማን ወገን እንደሆኑ አይታወቅም፣ የሚወድቅላቸውን ግን ያውቃሉ። "አምስት ሺህ ቀንስለት፣ አንተም አንድ ሺህ ጨምር" ይላሉ። በእግር እየተረገጠ ድምፅ የሚለውጠውን ፔዳል ምርቃት እንዲሆን የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። እርስዎን በጠረጠሩ ጊዜ ደግሞ "ይህ እኮ የቤቱ ነው፣ አንተ ጋ ስትሄድ ይጠፋል" ይላሉ። የሚገርመው፣ ግማሹ እውነት ነው፤ የቤቱ ነው።

ለሚገዛ ሰው አንድ ነገር ብቻ ልንገረው። እጅህን ከክሩ ላይ አንሳ። እጅህን ስታነሳ እምምታው ከጨመረ፣ ስትነካ ከቀነሰ፣ ከመብራቱና ከቤቱ ጋር እንጂ ከጊታሩ ጋር ጠብ የለህም። ስትነካ ካልቀነሰ ግን ወደ ብሪጁ የሚሄደው ቀጭን ገመድ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ በጥቂት ብር ይበየዳል፣ ዋጋ ማስቀነሻ ግን ሸጋ ምክንያት ነው።

ስለ ፔዳሎች ብዙ ባልናገር እመርጣለሁ፤ ጉዳቱ ገና አልሻረልኝም። ብዙዎቹ በ9 ቮልት ይሠራሉ፤ ፔዳል ሠሪው ቦስ በ1977 እ.ኤ.አ. ትንንሾቹን ማውጣት ከጀመረ ወዲህ አዳፕተሩ መሐሉ ኔጌቲቭ መሆን እንዳለበት በብዙዎቹ ላይ ተጽፏል፤ ሆኖም የሚያነብ የለም። የዋይፋይ ሳጥን አዳፕተር ስለገጠመ ብቻ የሚሰካ አለ፤ የእሱ መሐል አብዛኛውን ጊዜ ፖዚቲቭ ነው። ጭስ ይወጣና "ሲሠራ የነበረ ፔዳል" ተብሎ ለሽያጭ ይቀርባል፤ "ነበረ" የሚለው ቃል እውነተኛ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ባለ 120 ቮልት አዳፕተር 220 ቮልት ላይ የሚሰኩትንም እግዚአብሔር ያጽናቸው። በአንጻሩ፣ ከሥሩ ኤሲኤ (የድሮው አዳፕተር ስም) ተብሎ የተጻፈበት የቆየ ቦስ ፔዳል በዛሬው አዳፕተር መብራቱ ፈዘዝ ቢል ደክሞ ሳይሆን ከፍ ያለ ቮልቴጅ ለምዶ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ለቅሶ ቤት የመጣ መስሎ ገብቶ በግማሽ ዋጋ ይዞት ይወጣል።

ኮምፕረሰር የሚባለው ፔዳል ደግሞ ከፍ ያለውን ዝቅ፣ ዝቅ ያለውን ከፍ ያደርጋል። እርስዎ ራስዎን ዝቅ አድርገው የተቀመጡ ነዎትና ከፍ ከፍ ይላሉ። እርስዎን ለማባረር ተብሎ የሚሸጥ ኖይዝ ጌትም አለ። ስጫወት በሩን ይከፍትልዎታል፣ ሳቆም ይዘጋብዎታል። እሱም አዳፕተር ይፈልጋል፤ ያንን አዳፕተር ከሌሎች ስድስት ፔዳሎች ጋር በአንድ ገመድ ሳጋራው እህትዎ ቀጭኗ ፉጨት አብራ ገባች።

አንድ ነገር ግን ሳልቀልድ ልናገር። እርስዎን ለማጥፋት ብለው የኧርዙን ገመድ የሚቆርጡ አሉ፤ አንዳንዴም እውነትም ዝም ይላሉ። በ1972 እ.ኤ.አ. ስኮትላንዳዊው ጊታር ተጫዋች ሌስ ሃርቪ በዌልስ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ በአግባቡ ወደ መሬት ያልተያያዘ ማይክሮፎን ነክቶ ሕይወቱ አልፏል። ማይክሮፎኑ ከንፈራቸውን ሲቆነጥጣቸው ስቀው የሚያልፉ ድምፃውያን በእኛም ከተማ አሉ። የኧርዝ ገመድ የሚቆርጥ ሰው ፔዳሉንም ቤዙንም ይሽጥና ክራር ይያዝ።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ቅዳሜ ጠዋት ከሻሸመኔ አንድ ገዢ ይመጣል። ጃዝ ቤዜንና ኮምፕረሰሩን አንድ ላይ ሊያይ ነው። ፍሎረሰንቱን አውልቄ አልጋ ሥር አስገብቻለሁ። ጎረቤቴ እትዬ ማቀዝቀዣቸውን ለአንድ ሰዓት እንዲነቅሉልኝ ለምኛቸው "ሥጋው ከተበላሸ ትከፍላለህ" ብለው ተስማምተዋል። ሻይ በቀኝ እጄ ብቻ መቅዳትም እየለመድኩ ነው። የሚቀሩት እርስዎ ነዎት። ከሦስት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ዝም ይበሉልኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም። ገንዘቡ ሒሳቤ ውስጥ መግባቱን የሚናገረው የባንክ መልእክት እንደደረሰኝ ነፃ ነዎት፤ ከፈለጉ ከቤዙ ጋር አብረው ተሳፍረው ሻሸመኔ ይግቡ። የሰውየው ቤት ኧርዝ እንደሌለው አጣርቻለሁ። እዚያ ጠንክረው ከሠሩልኝ ከሁለት ወር በኋላ በግማሽ ዋጋ መልሼ እገዛዋለሁ።

አክባሪዎ፣
ከታቦር ሥር የሚኖር አንድ ቤዝ ተጫዋች