አንበሳው ጋ ቆማችሁ አንበሳውን ላላያችሁ

እናንተ የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ዛሬ ጉዳዬ ከእናንተ ጋር ነው።

ቀጠሮ ስትይዙ «ብሔራዊ፣ አንበሳው ጋ እንገናኝ» ትባባላላችሁ። ቀድሞ የደረሰው ለድንጋዩ ጀርባውን ሰጥቶ ስልኩን ይነካካል። ያረፈደው ሲመጣ ይቃቀፉና ተያይዘው ይሄዳሉ። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የዚያ አንበሳ አፍ ክፍት ነው ዝግ? ጎፈሩስ እንዴት ነው የተሠራው? ዕድሜ ልካችሁን በአጠገቡ ስታልፉ ኖራችሁ፣ መልሱን ሳትጠራጠሩ የምትነግሩኝ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ለእናንተ አንበሳው የታክሲ መውረጃ ምልክት ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለውን ይህን ሐውልት የሠራው ሞሪስ ካልካ የሚባል ፈረንሳዊ ቀራፂ ነው፤ በ1948 ዓ.ም. ለተከበረው የአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ 25ኛ ዓመት በዓል። ሰውየው በዱር የሚያገሳ አንበሳ ለማስመሰል አልደከመም። ድንጋዩን በትልልቅ ገጽ ከፋፍሎ፣ ጠርዙን ሳያለዝብ፣ ግርማውን ብቻ ነው ያወጣው። ፀሐይዋ ጠዋት በአንድ ጎኑ፣ ከሰዓት በኋላ በሌላው ስታርፍበት ጥላው ቦታ እየቀየረ ያው ድንጋይ ሌላ መልክ ያወጣል። ይህን ለማየት ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ እናንተ ያረፈደ ወዳጅ የምትጠብቁት ደግሞ ግማሽ ሰዓት ነው።

ከዚያ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር ውረዱ። ባቡር ጣቢያው ፊት ሌላ አንበሳ አለ፤ የይሁዳው አንበሳ። ይኸኛው በ1923 ዓ.ም. ለንግሥ በዓሉ የቆመ፣ ከነሐስ የተሠራ፣ ወርቅማ፣ ጡንቻው የሚቆጠር ነው። ሁለቱን በአንድ የእግር ጉዞ አይቶ የትኛው ይበልጥ አንበሳ እንደሆነ ከጓደኛ ጋር መከራከር እንዴት ያለ ጨዋታ በሆነ! (እኔ ለካልካ ነው የምፈርደው። የለገሃሩ ስለ ክብሩ ትንሽ አብዝቶ የሚጨነቅ ይመስለኛል።)

የለገሃሩን አንበሳ ፋሺስት ጣልያን ነቅሎ ሮም ወስዶት ነበር። ዘርዓይ ደረስ ሮም ላይ ጎራዴውን የመዘዘው ይህንኑ አንበሳ በምርኮ ቆሞ ባየው ጊዜ ነው እየተባለ ሲተረክ ያልሰማ የለም። ታሪኩን በኩራት ታወሩታላችሁ። ሰውየው ግን ከጎራዴው በፊት ያደረገው ነገር አለ፤ ቀና ብሎ አየ። ሐውልቱ ወደ ቦታው ከተመለሰ ስንት ዘመኑ! አሁን ማንም ሳይከለክለን፣ ማንም ሳያባርረን ቀና ሳንል እናልፈዋለን።

አንዳንዱ «እኔ እኮ ፎቶ ተነስቼበታለሁ» ይላል። አዎ፣ ተነስተሃል፤ ጀርባህን ሰጥተኸው። ሰርጉም፣ ምርቃቱም፣ የእንጦጦው ሽርሽርም እንዲሁ ሆኗል። ሙሽሮች ዛፍ ሥር ሦስት ሰዓት ቆመው፣ አንገታቸውን አዘንብለው፣ ቬሎውን አስዘርግተው፣ ዛፉ ጥድ ይሁን ዝግባ ሳያዩ ይመለሳሉ። ፎቶ አትነሱ አልልም፤ መጀመሪያ ዞራችሁ እዩት ነው የምለው።

እሑድ ጠዋት ነጠላ አጣፍታችሁ ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱ፣ ወደ እናንተ ልምጣ። ግድግዳውን ተሳልማችሁ ትመለሳላችሁ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን መች አያችሁት? የጥንት ሠዓሊዎቻችን ሕግ ነበራቸው። ጻድቁን ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኑን አውጥተው ይስሉታል፤ ክፉውን በጎን፣ በአንድ ዓይን። የዓድዋን ጦርነት የሳሉትም ብዙዎቹ ይህንኑ ይዘው ነው። የእኛ ሰው በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፣ የጣልያን ወታደር ጎኑን ይሰጣችኋል፣ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ። ይህን አንዴ ለልጃችሁ ብታሳዩት በሚቀጥለው እሑድ እጃችሁን እየጎተተ «ይሄ ክፉ ነው፣ ያ ደግ ነው» እያለ እሱ ያስጎበኛችኋል። ከእነዚያ ሠዓሊዎች አንዱ ዛሬ ተነስቶ የሜክሲኮን የታክሲ ሰልፍ ቢስል ሁላችንንም በጎን ነበር የሚስለን፤ አንገታችንን ስልክ ላይ ደፍተን። ከየትኞቹ ወገን እንደሚያቆመን እናንተው ገምቱት።

አራዳ ጊዮርጊስ የምትሳለሙ ደግሞ የአፈወርቅ ተክሌን ሥራ እዚያው ታገኙታላችሁ። አፈወርቅ የማዕድን ምህንድስና ይማር ተብሎ እንግሊዝ ተልኮ ሥዕል ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው፤ ኋላ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ባለቀለም መስታወት ሠራ። ልጃችሁ ዛሬ እንዲህ ቢያደርግ ምን እንደምትሉት አውቃለሁ።

«አዲስ አበባ ምን ተፈጥሮ ቀራትና!» የምትሉም አላችሁ። ቆሻሻ ገንዳ ላይ የሚያርፈውን ቁራ እዩት። መንቆሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ጣል ያለበት ካገኛችሁ፣ እሱ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የትም የማይገኝ ወፍ ነው። ማለዳ በጩኸቱ የሚቀሰቅሳችሁ፣ መንቆሩ ረጅምና ቆልማማ፣ ጉሮሮው ሥር ትንሽ ሥጋ ያንጠለጠለው ትልቁ ወፍ ደግሞ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። የባሕር ማዶ ሰው እነዚህን ለማየት የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦ፣ ሩቅ ማያ መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይመጣል። እናንተ «ይሄ ደግሞ ምን ያስጮኸዋል?» ብላችሁ ትራሱን ጆሯችሁ ላይ ትጭናላችሁ። ዝናቡ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ሜዳውን፣ የመንገዱን ዳር፣ የባዶ ቦታውን አጥር ሳይቀር ቢጫ ያደርገዋል። ዓመት ቆይቶ መጥቶ በጥቂት ሳምንት ይሄዳል። እናንተ የምታገኙት ግን ከሻጭ እጅ፣ ከእንግጫ ጋር ታስሮ ነው፤ የበቀለበት ቦታ ሄዶ ማየት ለማን ነው የተተወው?

ስለ ልጆች ካነሳሁ አይቀር ልጨርሰው። ልጁ የጉንዳን ሰልፍ ለማየት፣ ወይም ከዝናብ በኋላ በቋጠረ ውኃ ላይ ደመናው ሲሄድ ለማየት ቁጢጥ ሲል፣ ክንዱን ይዛችሁ «ና! ቶሎ በል! ረፈደ!» ትሉታላችሁ። ማየት ያስተወው ማን ሆነና ነው ኋላ «ይህ ልጅ ከስልክ ላይ አልነሳ አለ» ብላችሁ ለጎረቤት የምትከሱት? በከተማችን ግድግዳዎች ላይ ልጁ ፊደል የቆጠረበት ጽሑፍ «መሽናት ክልክል ነው» የሚለው እስኪመስል ድረስ በዝቷል። ይህን በየግንቡ ያስጻፈው የውጭ ጠላት አይደለም። ቀበና ወንዝ ላይ ፌስታል የሚወረውረውም እንዲሁ።

አሁን የምትመልሱልኝን አውቃለሁ። «ሆድ ሳይሞላ፣ የቤት ኪራይ እንዲህ እየናረ፣ የምን ውበት ነው የምታወራው?» ትላላችሁ። ኑሮው መክበዱን አልክድም። ነገር ግን እስቲ በበዓል ቀን አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር እናት ቤት ግቡ። ከሌላት ላይ ቆጥባ ቄጤማ ጎዝጉዛለች፤ ረከቦቱን አሰናድታ፣ ሲኒዎቹን ደርድራ፣ ዕጣኑን አጭሳለች። ቄጤማ አይበላም። ሐረር ብትሄዱም የእናቶች ስፌት ግድግዳውን ሞልቶት ታገኛላችሁ፤ ያ ሁሉ ሰፌድና ሙዳይ ለእንጀራ ማቅረቢያ ብቻ ተፈልጎ አይደለም። ድሃው ወገናችን ውበትን ለጠገበ ሰው አልተወም። «ጊዜ የለኝም» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ መኪና ያለው ነው።

ሽሮ ሜዳ ለበዓል ልብስ ስትገዙም ፀባያችሁን አይቻለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ነው?»፣ ሁለተኛው «መጨረሻው ስንት ነው?»፣ ሦስተኛ የለም። የጋሞ ሸማኔ ጉድጓድ ላይ ተቀምጦ፣ ክሩን አንድ በአንድ እያሳለፈ የሠራው ጥለት ከፋብሪካ ታትሞ ከመጣው ጎን ተሰቅሏል፤ እናንተ በዋጋ ብቻ ታመዛዝናላችሁ። ገልብጡት እንጂ! የእጅ ሥራው በጀርባውም ክሩ ያው ነው፤ የታተመው ጀርባው ፈዛዛ ነው። ለመግዛት ችሎታችሁ ይወስናል፤ ለማየት ግን አያስከፍልም። ሸማኔውም ቢሆን ጥለቱን አይቶ «ይህቺን መስመር እንዴት አመጣሃት?» የሚለውን ሰው ቀኑን ሙሉ ከሚከራከረው ይልቅ ይወደዋል።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ማኅበራዊ ሚዲያው በለቅሶ ተሞላ። የእንጨት በረንዳው፣ ጥልፍ የመሰለው የጣሪያ ጠርዝ፣ ጠባቡ ደረጃ፤ ሁሉም «የኔ ፒያሳ» አለ። መፍረሱ ይገባ ነበር አይገባም ሌላ ክርክር ነው፤ ለእኔ የገረመኝ ከአልቃሹ ብዙው በረንዳውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በፍርስራሹ ፎቶ ላይ መሆኑ ነው። ያልፈረሰም አለ እኮ። ጣይቱ ሆቴል ገብታችሁ የእንጨት ደረጃውን ውጡት፤ ሲጢጥ ሲል ስሙት።

እንግዲህ «ከየት እንጀምር?» ካላችሁ፣ ስድስት ኪሎ ውረዱ። የየካቲት 12 ሐውልት ዙሪያ የነሐስ ቅርጾች አሉ፤ በ1929 ዓ.ም. ፋሺስት የጨፈጨፋቸው ሰዎች እዚያ ናቸው። ደስ የሚል ነገር አይደለም፤ በጥሩ እጅ የተሠራ ነው፣ ዓይንም አይለቅም። ቀጥሎ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም፣ ቁልቁል አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም። ድንቅነሽን ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ፤ ሥዕሎቹም አሉ። ሁሉም በእግር የሚደረስ ነው፤ ለአገሩ ሰው የሚጠየቀው መግቢያም የውጭ ሰው ከሚከፍለው በጣም ያነሰ ነው።

የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመራቂዎችም ሥራቸውን ለሕዝብ ሲያሳዩ ሂዱ። ያልገባችሁ ሥዕል ፊት ስትደርሱ «ይህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሠራው ልጅ እዚያው አጠገቡ ቆሟል። «ይህንንማ እኔም እሠራዋለሁ» ማለት ካማራችሁም በሉት። ከዚያ ግን ቤታችሁ ገብታችሁ ሞክሩት።