ፎቶ አንሺዎቻችን ይኑሩልን!

ባለፈው ቅዳሜ አየርላንድ፣ ክሌር አውራጃ ውስጥ አንዲት ጠባብ መንገድ ላይ ተገትረን ቀረን። መሀሏ ሣር ያበቀለ፣ ሁለት መኪና የማታሳልፍ መንገድ ናት። ከፊታችን አንዱ መኪናውን የገበሬ ማሳ በር ላይ አቁሞ፣ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ በግ ፎቶ ያነሳል። ከኋላችን ትራክተር ቆሟል። የሚገባውም በዚያው በር ነው። ክላክስ ብናደርግ ጣቱን ቀስሮ ‹‹አንድ ደቂቃ!›› አለን። ያቺን አንድ ደቂቃ እናንተም ታውቋታላችሁ።

ምን ይደረግ፣ ጥበብ አይቸኮልባትም። እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ አየርላንድን ማን ያውቃት ነበር? የሞኸር ገደል ከባሕሩ በላይ 214 ሜትር ይደርሳል። ተራው ሰው ፊቱን አዙሮ ያየዋል። እነሱ ጀርባቸውን ሰጥተውት ያደንቁታል። ችሎታ ነው! ደግሞ በምዕራቡ በኩል በዓመት እስከ 225 ቀን ገደማ የሚዘንብበት ቦታ አለ፤ እነሱ ፎቶ ላይ ግን ጠብ ብሎ አያውቅም። አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ አይታ ‹‹እናንተ አገር ክረምት የለም እንዴ ልጄ?›› አለችኝ።

ከሁሉም የማከብረው ግን የበጉን ፎቶ አንሺ ነው። ወገቧ ሰማያዊ የሆነ በግ አንስቶ ‹‹ተፈጥሮ ራሷ ሠዓሊ ናት›› ብሎ ይለጥፋል። ሠዓሊውን ላስተዋውቃችሁ። በመከር ወራት ገበሬው አውራው በግ ደረት ላይ ቀለም ያስርለታል። አውራው ሴቷን ሲሰርራት ቀለሙ ወገቧ ላይ ይቀራል። 16 ወይም 17 ቀን ቆይቶ ገበሬው ቀለሙን ይቀይራል። የትኛዋ ቀድማ እንደምትወልድ የሚያውቀው በዚህ ነው። መዝገቡ ነው በአጭሩ።

ይህ መዝገብ በትልቁ ታትሞ፣ በወርቃማ ፍሬም ሳሎን ተሰቅሏል። እንግዶች ቡና ይዘው ይመራመራሉ። አንዷ ‹‹ሰማያዊው የነፃነት ናፍቆት ነው›› ትላለች። ሌላው ‹‹የለም፣ ብቸኝነት ነው›› ይላል። ብቸኝነት! ኧረ ጌታዬ፣ ቀለሙ የሚመሰክረው ብቸኛ እንዳልነበረች ነው። ሦስተኛው ይባስ ብሎ በጓ ‹‹ተፈጥሯዊ›› እንድትመስል ቀለሙን ስልኩ ላይ ያጠፋዋል። በአንድ ጣት ድንግልናዋን መለሰላት! አንዴ ከጀመረ አይቀር ሣሩንም ያደምቀዋል። የአየርላንድን ሣር! አረንጓዴነት አንሶት!

በአየርላንድ ፖስት ካርዶቹ የታወቀው ፎቶ አንሺ ጆን ሂንድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ከፊት ለፊት የማያምር ነገር ሲኖር ሮዶደንድሮን የሚባል የአበባ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ይጋርድበት ነበር ይባላል። እሱ ቢያንስ ቅርንጫፍ ይሸከማል። የዛሬዎቹ ተቀምጠው የመብራት ምሰሶውን ያጠፋሉ፣ በጥቁር ፕላስቲክ የተጠቀለለውን የከብት መኖ ያጠፋሉ፣ ገበሬውንም ያጠፋሉ። ከዚያ ‹‹የገጠር ሕይወት›› የሚል ርዕስ ይሰጡታል።

ማጥፋቱ ፎቶ ላይ ቢቀር ምን ነበረበት። በፀደይ፣ በጎች በሚወልዱበት ሰሞን በሩን ከፍተው ይሄዳሉ። ግልገል ከእናቱ ተነጥሎ አስፋልት ላይ ይወጣል። ውሻቸውን ይለቃሉ፤ ያረገዘች በግ ስትባረር ትጨነግፋለች። የሰው መሬት ነው! እዚህ አገር በሰው ማሳ እንዳሻህ የመሄድ መብት በሕግ የለም። ገበሬው ያሳለፈህ ጨዋ ስለሆነ ነው። ዓመት ሙሉ የለፋበትን ለላይክ ብለህ ታበላሽበታለህ? ነውር ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ገበሬዎችም እስቲ ትንሽ ተባበሩ። ለከርሞ ለአውራው ወርቃማ ቀለም ግዙለት፤ ከጀምበር መጥለቂያው ጋር ይሄዳል። የጭቃ ቦቲያችሁን በር ላይ አታስቀምጡ። ጣሪያችሁን አፍርሱና ሣር ክደኑ። ትራክተሩን ሽጣችሁ አህያ ግዙ። አህያዋን ግን ካሜራ እንዳታይ አደራ በሏት፤ ድንገት የተነሳ እንዲመስል ነው የሚፈለገው።