እርማት፦ የታይሮይድ ኪኒን በእርግዝና ጊዜ አይቋረጥም

እህቴ፣ «ካረገዝሽ የታይሮይድ ኪኒንሽን አቁሚ፣ ጽንሱን ይጎዳል» ያሉሽ ተሳስተዋል። ኪኒኑ፣ ማለትም ሌቮታይሮክሲን፣ እኮ አንገትሽ ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ በበቂ ማምረት ያቃተውን ሆርሞን ነው የሚተካው። በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ገደማ ጽንሱ የራሱ ስለሌለው የአንጎሉ እድገት ባንቺ ሆርሞን ላይ ያርፋል። የሚያሰጋውስ ማቆሙ ነው፤ ጽንሱ ሊጨነግፍ ወይም ያለጊዜው ሊወለድ ይችላል። እንዲያውም ብዙ ጊዜ መጠኑ ከ25 እስከ 50 በመቶ ይጨመራል። ማርገዝሽን እንዳወቅሽ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ የቲኤስኤች ምርመራ (የታይሮይድ ሆርሞንሽ በቂ መሆኑን የሚያሳይ የደም ምርመራ) እስከ እርግዝናው አጋማሽ በየ4 ሳምንቱ ይደረጋል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ ይህ ነው፦ ኪኒኑን በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ዋጪ። አይረንና ካልሲየም ኪኒኑን ከዋጥሽ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ይሁኑ። አብረው ከተዋጡ መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም አይገባም።

ሆርሞኑ የበዛባት ሴት መድኃኒቷ ሌላ ነው፤ እሱንም ሐኪም ይቀይረዋል እንጂ በራስ አይቆምም።