ዝምድና በሊትር

አጎቴ 14 ሊትር ናቸው። ልጅ ሆኜ በትከሻቸው ተሸክመው ያሳደጉኝ፣ በጣም የምወዳቸው አጎቴ። ከኛ ቤት እስከሳቸው ቤት 88 ኪሎ ሜትር ነው። መኪናችን ደግሞ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ትጠጣለች። ደርሶ መልሱን አባዙት። 14 ሊትር።

ስሌቱን የሠራሁት እኔ አይደለሁም። ባለቤቴ ናት። ነዳጅ ለሦስተኛ ጊዜ የጨመረ ዕለት ማታ፣ ከልጆቹ ደብተር አንዱን ይዛ ተቀመጠች። ግማሹ የሒሳብ የቤት ሥራ ነበር። በተረፈው ግማሽ ዘመድ ወዳጁን ሁሉ በሊትር ጻፈችው። እህቷ 3 ሊትር። የሥራ ባልደረባዬ አንድ ተኩል። የድሮ ጎረቤታችን 6 ሊትር፤ ከጎናቸው ግን «ወሬያቸው ጥሩ ነው» የሚል ማስታወሻ አለ።

«አጎቴስ?» አልኳት።

«እሳቸው በዓመት አንዴ። ለቀሪው ስልክ ደውልላቸው።»

«ሰው በሊትር ይለካል እንዴ?»

«አንተ በኪሎ ሜትር ስትለካቸው አልነበር? 'ሩቅ ናቸው' እያልክ!»

መልስ አጣሁ።

ድሮ ማደያ ስገባ ቃሌ አንድ ነበረች። «ሙላው!» መስኮቱን ዝቅ፣ ክንዴን ወጣ አድርጌ። አሁን ከመኪና ወርጄ ቀጂው ጆሮ አጠገብ ቆሜ ነው የምናገረው። እሱ ደግሞ የሰው ገመና አይደብቅም። የነገርኩትን ትንሽ ገንዘብ ከፍ ባለ ድምፅ ይደግማታል። ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ይሰማል። ከዚያ ሁለታችንም ቆጣሪው ላይ እናፈጣለን። የገንዘቡ ቁጥር ይሮጣል፤ የሊትሩ ያነክሳል።

ነዳጅ መቆጠቢያ ዘዴ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። የጎማውን ንፋስ አስተካከልኩ። ከኋላ ሻንጣው ውስጥ ለዓመታት ስንዞርበት የኖርነውን ኮተት አወረድኩ። (የጠፋብኝ ጃንጥላ ተገኘ፤ ትርፍ ነው።) ከ90 በላይ መንዳትም ተውኩ። በሰዓት ከ90 ወደ 120 ስትወጣ አየሩ መኪናዋን ወደኋላ የሚገፋበት ጉልበት ወደ 1.8 እጥፍ ያድጋል። ይሄን ለባለቤቴ ሳስረዳት ተቆጣች።

«አየር ለመግፋትም ነው የምንከፍለው?»

ባልነግራት ይሻል ነበር። ግን ጀመርኩትና ጨረስኩት። የቤንዚን ሞተር ካጠጣነው ነዳጅ ውስጥ ጎማ የሚያዞርበት ሩብ ያህሉን ነው። የቀረው አብዛኛው ሙቀት ሆኖ በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ይወጣል። እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ስለዚህ አጎትህ ጋ የሚደርሰው ሦስት ሊትር ተኩል ነው። አሥር ተኩሉን ሰማይ ልናሞቅበት ነው የምንሄደው።»

ቁልቁለት ላይ ሞተር ማጥፋትን አልሞከርኩም ብል እዋሻለሁ። አንዴ ሞከርኩ። መሪው ደነደነ፣ ፍሬኑ ጠጠረ፣ ጸሎት ትዝ አለኝ። ማንም እንዳይሞክረው።

መኪና የሌለው አንድ ጎረቤት አለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲስቅብኝ ከረመ። «የናንተ የባለመኪኖች ነገር!» ይለኛል በእግሩ እየተንጎራደደ። በሦስተኛው ሳምንት ከገበያ ሲመለስ አገኘሁት። ፌስታሉ ቀሏል። ፊቱ ከብዷል።

«ቲማቲም ምን አገባው?» አለኝ።

ቲማቲም በእግሩ አይመጣማ! ማሳው ላይ ውሃ የሳበለት ፓምፕ ናፍጣ ይጠጣል። የጫነው መኪና ናፍጣ ይጠጣል። ከጅምላ ወደ ችርቻሮ ያመጣው ደግሞ ሌላ መኪና ነው። ምስኪኑ ቲማቲም ከሾፌር የበለጠ ማደያ አይቶ ነው ድስት የሚገባው። ከዚያን ቀን ወዲህ ጎረቤቴ ነዳጅ ጨመረ ሲባል ከኔ ቀድሞ ይደነግጣል።

ደግሞ ነዳጅን ተገን አድርጎ የሚጨምረው አለ። ፀጉር አስተካካዬ ጨመረ። «መቀሱ በናፍጣ ነው እንዴ የሚሠራው?» አልኩት። «መቀሱማ ቁጭ ብሏል፤ የምመላለሰው እኔ ነኝ» አለኝ። ምላጩ አንገቴ ላይ ስለነበር ክርክሩን አልገፋሁበትም።

የዕረፍት ጉዟችን የደረሰበትን ደግሞ ስሙ። ዓመቱን ሙሉ ለልጆቹ ባሕር እናሳያችኋለን ስንል ነበር። ባሕሩ 600 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ደርሶ መልስ 96 ሊትር ነው። ይሄ ዜና ላይ ከሚጠሩት በርሜል ከግማሽ በላይ ይሆናል። የዜናው በርሜል 159 ሊትር ነው፤ ጓሮ ውሃ የምናጠራቅምበት ትልቁ አይደለም። ባሕሩ ተሰረዘ። ሐይቅ ተተካ፣ 24 ሊትር። ከሚቀጥለው ጭማሪ በኋላ ሐይቁ ተሰርዞ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ ኮረብታ ሆነ፣ 2 ሊትር። በመጨረሻ ሰገነታችን ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ። ትንሿ ልጄ ዋና ልብሷን ለብሳ ወጣች። ለሁሉም ነገር ዝግጁ የሆነች ልጅ ናት።

የሚገርመው፣ ምንም የማናውቅ ሰዎች የዓለም ፖለቲካ ተንታኝ ሆነናል። እኔ አሁን በኢራንና በኦማን መካከል ያለውን የሆርሙዝን ሰርጥ ከልጆቼ ትምህርት ቤት መንገድ በላይ አውቀዋለሁ። በደህናው ጊዜ ዓለም ከምትጠቀመው የነዳጅ ዘይት አምስት አንድ እጁ ገደማ የሚያልፈው በዚያ ጠባብ ውሃ ነው። እዚያ አንድ መርከብ ሲያስነጥሰው እዚህ ባለቤቴ ደብተሩን ትከፍታለች።

ታሪክም አንብቤያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 የዓረብ አገሮች ዘይት ሲከለክሉ፣ 3 ዶላር ገደማ የነበረው በርሜል በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ወጣ። ሆላንድ እሑድ እሑድ መኪና መንዳት ከለከለች። ሰዉ በፈጣን መንገዱ ላይ ሳይክሉንና ባለጎማ ጫማውን እየነዳ ተዝናና። የኖርዌዩ ንጉሥ ኦላቭ አምስተኛ ደግሞ በበረዶ ሊንሸራተቱ ሲሄዱ መኪናቸውን ትተው በከተማ ባቡር ተሳፈሩ። ለትኬት ገንዘብ ሲያወጡ የተነሱት ፎቶ እስከ ዛሬ ይታያል።

ይሄን ለባለቤቴ በኩራት ነገርኳት። ምነው ባልነገርኳት! በማግሥቱ የመኪናው ቁልፍ ከቦታው ጠፋ።

«ንጉሥ የተሳፈረበትን አንተ ትንቀዋለህ?» አለችኝ።

ሰልፍ ይዤ አውቶቡስ ገባሁ። ቆሜ፣ የሰው ክርን ጎኔ ላይ ተደግፎ፣ ስለ ንጉሡ አሰብኩ። እሳቸው መቀመጫ ያገኙ ይመስለኛል።

አንድ ያልገባኝ ነገር ነበር። የዘይት ዋጋ ይወርዳልኮ! እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 በርሜሉ 147 ዶላር ነካ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ከ40 በታች ወረደ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2020 ደግሞ የአሜሪካ ድፍድፍ ከዜሮ በታች 37 ዶላር ገባ። ኮሮና ሰዉን ቤት ዘግቶበት፣ ዘይቱ ማስቀመጫ አጥቶ፣ ሻጭ «ውሰድልኝና ልክፈልህ» ያለበት ቀን ነው። እኔ ግን ማደያ ቆሜ ማንም ምንም ከፍሎኝ አያውቅም። ለካ የኢኮኖሚ ሰዎች ለዚህ ነገር ስም አላቸው። «ሮኬትና ላባ» ይሉታል። ዋጋ ሲወጣ እንደ ሮኬት ነው፣ ሲወርድ እንደ ላባ። ላባ ወርዶ መሬት እስኪነካ ደግሞ ሌላ ሮኬት ይተኮሳል። ይሄኛው የኔ ጭማሪ ነው።

ባለፈው ወር በራችን ተንኳኳ። አጎቴ ናቸው። በአውቶቡስ መጥተው። ሻንጣቸው ለሁለት ቀን እንግዳ ትንሽ ተለቅ ይላል።

«እናንተ መምጣት አቃታችሁ፤ እኔ መጣሁ» አሉ።

አቀፍኳቸው። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ የምሬን ነው። ባለቤቴም ደስ አላት። የተሻለውን ብርድ ልብስ አወጣች።

ከእራት በኋላ አጎቴ ጠየቁኝ። «ለመሆኑ ነዳጁ መቼ ነው የሚወርደው? የመጣሁበት ታሪፍ ወገቤን ነው የቆረጠው። መመለሻው ሲረክስ ልሂድ ብዬ ነው።»

እኔ ደግሞ እውቀቴን ለማሳየት ቸኩዬ የላባውን ነገር አስረዳኋቸው። እንዴት ቀስ ብሎ እንደሚወርድ። ወራት ሊፈጅ እንደሚችል። በእጄ ሁሉ አሳየኋቸው። አጎቴ በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ተነስተው ሻንጣቸውን ከፈቱ። ነጠላ ጫማቸውን አወጡ። ጋቢያቸውን አወጡ። ሬዲዮናቸውን አወጡ።

ሬዲዮኑ የሚከፈተው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው። ዜና መጀመሪያ የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። «ዛሬም አልወረደም!» ይላሉ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ። ከዚያ ሁለተኛ ብርጭቆ ሻይ ያስጨምራሉ።

በአራተኛው ሳምንት፣ አንድ ማለዳ፣ ባለቤቴ ደብተሩን ይዛ መጣች። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ጠፍቶ የነበረውን የመኪና ቁልፍ ከፊቴ አስቀመጠች።

«ለመሆኑ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «14 ሊትር ምን አላት?»